ባለ አበባው ሐረግ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ዘመድ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ በር ላይ ይቀራል። ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አንዳንድ በሮችና የአልጋ ራስጌዎች ላይ ከግራና ከቀኝ የሚመጣ ሐረግ ተቀርጿል። ሐረጎቹ በሚገናኙበት መሃል ላይ አምስት ቅጠል ያላት አበባ አለች። ትልቅ አይደለችም፣ መዳፍ ይሸፍናታል። ቫርኒሿ የለቀቀ አለች፣ ልጆች ተለጣፊ ሥዕል የለጠፉባትም አለች። ያቺን አበባ የሣልኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደሣልኳት ግን እስካለፈው ክረምት ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በ2003 ዓ.ም. ላፍቶ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው፤ በዚያ ግቢ ጥግም አንድ ያረጀ ግራር ነበር፣ ጣውላ የሚደገፈው እሱ ላይ ነው። የግቢው ባለቤት እንጨት ሠሪ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ አባባ ይላቸዋል፤ እኔም በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ወንበርና ጠረጴዛ ማንም ይሠራዋል ይሉ ነበር። የእሳቸው ሙያ ሐረግ ነበር።

ሐረጉን የተማሩት እንጨት ላይ አይደለም። በልጅነታቸው አጎታቸው ብራና ሲጽፉ ከጎናቸው ተቀምጠው ቀለም ይበጠብጡ ነበር። በብራና መጽሐፍ አዲስ ክፍል ሲጀመር ከጽሑፉ በላይ የሚሣለው፣ ክር ከክር እየተጠላለፈ ገጹን የሚያቋርጠው ጌጥ ነው ሐረግ የሚባለው። አባባ ያንን ከብራና አንስተው ወደ ዋንዛ አመጡት። መጀመሪያ ካኪ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሥሉታል። ከዚያ ወረቀቱን እንጨቱ ላይ አንጥፈው መስመሩን በሚስማር ጫፍ ነጥብ በነጥብ ይወጉታል። ከዚያ መሮ። አንድ የበር ሰሌዳ አራት ቀን ይወስድባቸው ነበር። ሲቀርጹ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ “በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች” ይላሉ። አንዱ ክር ሌላውን የሚሻገረው በላዩ ይሁን በታቹ፣ ያንን ነበር የሚቆጥሩት።

እኔ ያኔ ከቴክኒክ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ተመርቄ ሥራ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። ጓደኛዬ በያጅ ነው። ኮሌጃችን ውስጥ አንድ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ቁጥር እየተመራ የሚቀርጽ ማሽን ነበር። በተማርኩበት ዘመን ሁሉ ፕላስቲክ ለብሶ ነው የማውቀው። አንድም ቀን ሲዞር አላየሁትም። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር የአባባን እጅ ስናይ ቆይተን፣ ያ የተሸፈነ ማሽን ትዝ ብሎኝ “እኛው ብንሠራውስ?” አልኩት። አባባ ሰምተው ዝም አሉ። በማግስቱ ስንመጣ ከባንኮው ጎን የነበረውን ጣውላ አንስተው ቦታ ለቀውልን አገኘን።

ፍሬሙን ከቱቦላሬ በየድነው። ተንሸራታቹን ክፍል በኩሽኔታ አስኬድነው። የሚገፋና የሚጎትተው ደግሞ ባለ 12 ሚሊ፣ ጥርስ ያለው ረጅም ብረት ከነዳዶው ነበር። ዳዶው እንዳይላላ ሁለት አድርገን በመካከላቸው ስፕሪንግ አስገባን፤ ይህን ብልሃት ያስተማሩን የቶርኖ ቤት ባለሙያ ናቸው። ሞተሮቹን ምናለሽ ተራ አገኘን። ከተጣሉ ትልልቅ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች የወጡ ስቴፐር ሞተሮች ነበሩ። ስቴፐር እንደ ሌላ ሞተር ዝም ብሎ አይሽከረከርም። አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሰው አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ የእኛዎቹ በ200 እርምጃ አንድ ዙር ይሞላሉ። ሞተሮቹን የሚነዳው ሰሌዳ እያንዳንዱን እርምጃ ለስምንት ይከፍለዋል። ባለ 12 ሚሊው ብረት በአንድ ዙር 1.75 ሚሊ ይገፋል። እንግዲህ መቅረጫው አንዲት ሚሊ እንዲሄድ 914 ያህል ምት መላክ አለበት ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የሠራሁበት የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ለብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ያን ሁሉ ምት ማን ይላከው? ኮምፒውተራችን ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የገዛነው ፔንቲየም 4 ነበር። ከጀርባው ድሮ ፕሪንተር የሚሰካበት ባለ 25 እግር ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ እያንዳንዱን እግር በፕሮግራም ማብራትና ማጥፋት ስለሚቻል፣ ሁለቱን እግር ለአንድ ሞተር፣ አንዱን ለምት አንዱን ለአቅጣጫ፣ እያደረግን ሦስቱንም ሞተር አገናኘን። ፕሮግራሙ ግን ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ እኛ ደግሞ አልነበረንም።

መፍትሔው በሲዲ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ያለ ጓደኛችን ሌሊት ሌሊት እያወረደ፣ ሲቋረጥበት እንደገና እየቀጠለ ያመጣው ኡቡንቱ 10.04፣ ማለትም ሊነክስ የሚባለው ነፃ ስርዓተ ክወና አንዱ ዓይነት ነበር፤ ውስጡ ኢኤምሲ የሚባል የማሽን መቆጣጠሪያ አለው። ሲዲውን አስገብቶ ኮምፒውተሩን ማስነሳት ብቻ ነው፣ ማንም ፈቃድ ቁጥር አይጠይቅም። የዚህ ፕሮግራም ታሪክ ያኔም ዛሬም ያስደንቀኛል። የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ለምርምር የተጻፈ ነበር፤ በዚያ አገር ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው የጻፈው የማንም የግል ንብረት ስለማይሆን ለሁሉም ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያሉ ቶርኖ ሠሪዎች፣ መሐንዲሶችና ተማሪዎች እየተቀባበሉ አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ስሙ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ስም ጋር ስለተጋጨ ሊነክስ ሲኤንሲ ተባለ። አንድ ሰው ሌላ አህጉር ላይ ሆኖ ያስተካከላት መስመር ላፍቶ ግራር ሥር እንጨት ስትቀርጽ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ማሽኑ መጀመሪያ በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ ይሄድና ድንገት ይንቀጠቀጣል። ክብ ስናዘው እንቁላል ይሥላል። ጥፋቱን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በደቂቃ 600 ሚሊ ፍጥነት ስንሄድ በሰከንድ ከ9 ሺህ የሚበልጥ ምት መላክ አለበት፤ በአንዱና በሌላው ምት መካከል ያለው ጊዜ 110 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ሥራው ብዙ ነው፤ ስክሪን ይሥላል፣ ዲስክ ያነባል፣ የማውስ እንቅስቃሴ ይከታተላል። በመካከል ለቅጽበት ፊቱን ሲያዞር ምቱ ይዘገያል፣ ሞተሩ እርምጃ ይስታል፣ ከዚያ ወዲህ የሚቀረጸው ሁሉ በዚያች ርቀት ይዛነፋል። ለዚህ ነው ከሲዲው ጋር የመጣው ሊነክስ ልዩ ጥገና የተደረገበት፣ ለምቱ ሥራ ከሁሉም በፊት ቅድሚያ የሚሰጥ የነበረው።

ጥገናው ያለበትም ቢሆን ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ጸባይ አለው። መዘግየቱን በናኖ ሰከንድ የሚለካ መሞከሪያ አለ፤ ኮምፒውተሩን ሆን ብለው ሥራ እያበዙበት ቁጥሩን መመልከት ነው። ከ20 ሺህ በታች ከሆነ ግሩም፣ 100 ሺህ ካለፈ ኮምፒውተሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም ይባላል። የእኛው 240 ሺህ አለን። ጓደኛዬ ተስፋ ቆርጦ ወደ ብየዳው ተመለሰ። እኔ ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር እየዘጋሁ አንድ ነገር እየነቀልኩ ቁጥሩን ጻፍኩ። ኃይል ቆጣቢውን ዘጋሁ፣ ድምፁን ዘጋሁ፤ ትንሽ ወረደ። ዋናው ጥፋተኛ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሠራው የስክሪን ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ሜሞሪ ይጋራ ስለነበር ያቋርጠዋል። ከመርካቶ አሮጌ የስክሪን ካርድ ገዝቼ ስሰካበት ቁጥሩ 17 ሺህ ላይ ቆመ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። ግቢ ውስጥ ከውሻው በቀር የምነግረው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ በመቅረጫው ፈንታ እስክሪብቶ አስረን ክብ አዘዝነው። እስክሪብቶው ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ነጥብ ላይ ገጠመ። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና “ይሄማ ጸሐፊ ነው” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ስሙ ጸሐፊው ሆነ። ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ የተባለው በዚሁ ዓይነት ነው፤ ያለ ሽቦ የሚሄደውን የሬዲዮ መልእክት አያቶቻችን በራሳቸው ቃል ሲጠሩት። “ጸሐፊው መጣ?”፣ “ጸሐፊው ጠግቧል?” ይሉ ነበር አባባ፤ መብራት አለ ወይ ማለታቸው ነው።

መብራቱ ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ላይ አደረግነው፣ ሞተሮቹንም አብረን። እንጨቱን የሚቀርጸው ራውተር ግን ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ በቀጥታ ከመስመሩ ይሠራል። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ቀጥ ይላል፤ ሞተሮቹ ግን ምንም እንዳልሆነ ሾጣጣዋን ፑንታ እንጨቱ ውስጥ እንደቆመች ይገፏታል። ሁለት ፑንታ ከሰበርን በኋላ ሞተሮቹን ከመጠባበቂያው አወጣናቸው። ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሂድ ብለን ተስማማን። መነሻ ነጥባችንን ለማግኘት አባባ ሰሌዳው ጥግ ላይ አንዲት ሚስማር መቱልን፤ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ጸሐፊው እዚያች ሚስማር ላይ ሄዶ ቁጥሩን ከዜሮ ይጀምር ነበር።

አሁን ወደ አበባዋ ልምጣ።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ የመጣው ለጥር ሠርግ ነው። ሰውየው የአባባን ሐረግ ያለው የአልጋ ራስጌና ሁለት በር ፈለገ፣ ጊዜው ግን አንድ ወር ብቻ ነበር። አባባ በእጅ አይደርስም አሉ። “ጸሐፊው ይሥራው” ብለው ካኪ ወረቀት ዘርግተው ሐረጉን ሣሉልኝ። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ሥዕል ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ስካን አስደረግኩት፤ ከዚያ ኢንክስኬፕ የሚባለው የሊነክስ መሣያ ላይ አስገብቼ መስመሩን በማውስ ነጥብ በነጥብ መከተል ጀመርኩ። አባባ በሚስማር የሚያደርጉትን እኔ በማውስ ማድረጌ ነው። የግራውን ግማሽ ስጨርስ አሥራ ሁለት ቀን አልፏል።

የቀኙን ግማሽ ቀረብ ብዬ አላየሁትም። የግራው መልስ መሰለኝ። ኢንክስኬፕ ላይ አንድ ትእዛዝ አለ፣ ሥዕሉን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል። ግራውን ገልብጬ በቀኝ አስቀመጥኩት፣ አገናኘሁት፣ ጸሐፊው በአንድ ሌሊት ቀረጸው።

ጠዋት አባባ ሰሌዳውን በአውራ ጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ዳበሱት። መሃል ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

“ግራው የኔ ነው” አሉ። “ቀኙን ማን ሠራው?”

“ኮምፒውተሩ ነው አባባ፤ መስታወት ነው፣ ግራውን ገልብጦት ነው።”

“መስታወት መቁጠር አያውቅም ልጄ።”

ያኔ ነው ያየሁት። ክሩ በግራ በኩል በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች እያለ መሃል ይደርሳል። በቀኝ የሚመጣው የራሱ ግልባጭ ነው፣ ስለዚህ እሱም በዚያው ተራ ነው የሚደርሰው። መሃል ላይ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ በላይ ካለፈ ግልባጩም በላይ ማለፍ አለበት፤ ሁለቱም በላይ መሆን አይችሉም። ሐረጉ እዚያ ላይ መጠላለፉን ትቶ እንደተቆረጠ ክር ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማል። አባባ ቀኙን ሲሥሉ ግራውን አልገለበጡም፤ ቆጠራውን ነው የቀጠሉት።

ሠርጉ ቀርቦ ነበር። ሌላ አሥራ ሁለት ቀን አልነበረንም፣ ሌላ ዋንዛም አልገዛንም። መጋጠሚያው ላይ አበባ እንድሥል ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባባ እሺም እምቢም አላሉም። አበባዋ ከተቀረጸች በኋላ ሰሌዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ቫርኒሹን በገዛ እጃቸው ቀቡት። ደንበኛው በጣም ወደደው። በተለይ አበባዋን።

ከዚያ በኋላ ባለ አበባው ይሁንልን የሚል ሰው በዛ። እስከ 2007 ድረስ ከመቶ በላይ ሰሌዳ ቀረጽን። ለአባባ ለሥዕሉ 500 ብር ከፈልኳቸው፤ አንዴ። ሌላ ሐረግ ይሣሉልን ብዬ አልጠየቅኳቸውም፣ ያለው ይሸጥ ነበርና። የካኪ ወረቀቱን ጠቅልዬ ጥግ ላይ አቆምኩት። በሳምንቱ የቫርኒሽ ጣሳ ሥር ተነጥፎ አየሁት። አላነሳሁትም።

አባባ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ጓደኛዬ ቀደም ብሎ ወደ አረብ አገር ሄዷል። እኔ ተቀጥሬ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ጸሐፊው ቱቦላሬው ለአጥር በር፣ ሞተሮቹ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ተበተነ። ሃርድ ዲስኩን ብቻ ነቅዬ ወሰድኩ።

በግቢው ውስጥ ሰጋቱራ ይጠርግ የነበረ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፣ የአባባ የልጅ ልጅ። ዛሬ ከኃይሌ ጋርመንት ብዙ ሳይርቅ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቷል፣ ስድስት ሠራተኛ አለው። ማሽኑ 1325 የሚሉት የቻይና ሲኤንሲ ነው፤ ቁጥሩ የጠረጴዛው ልክ ነው፣ 1.3 ሜትር በ2.5 ሜትር። ሙሉ የኤምዲኤፍ ሰሌዳ ይዘረጉበታል። ጸሐፊው ሌሊቱን የሚፈጀውን ይሄኛው ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ይጨርሰዋል። እንጨቱን የሚይዘው በአየር መምጠጫ ነው፣ ፑንታውን የሚያዞረውን ሞተር፣ ስፒንድሉን፣ የሚያበርደው ውኃ ነው። ማማሩን ልክድ አልችልም፤ ስድስት ቤተሰብ ይበላበታል፣ አባባም ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኮምፒውተር ግን የለበትም። ማሽኑን የሚመራው በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ሪሞት ያለ ሳጥን ነው። ፋይሉ በፍላሽ ይመጣል፣ ሳጥኑ ላይ ይሰካል፣ አረንጓዴውን መጫን ነው። ሥዕሎቹ በጅምላ የተገዙ ናቸው፤ የቱርክ ጽጌረዳ፣ የአንበሳ ፊት፣ የወይን ዘለላ፤ በሺህ የሚቆጠር በአንድ ፍላሽ። የሚያሰናዷቸው አርትካም በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ባለቤቱ አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. በ2018 መሸጡን ቢያቆምም እስካሁን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተቀዳ ይሠራበታል። ግድግዳው ላይ የአባባ መሮዎች በመስታወት ሳጥን ተሰቅለዋል። ለጌጥ ነው። ስለታቸውን ዝገት በልቶታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት መብረቅ ወርዶ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ በኋላ ያ ሳጥን ጠፋ። ልጁ ደወለልኝ። “ጋሼ፣ እርስዎ ድሮ ይነካኩ የለ?” አለኝ። ጋሼ ሲለኝ መጀመሪያ ለሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ሳጥኑን ከፈትነው፤ ውስጡ ጥቁር ሙጫ የፈሰሰበት ሰሌዳ ነው፣ የሚነበብ ነገር የለውም። አዲሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ፤ ለጳጉሜ የሚደርሱ አሥራ አንድ በሮች ነበሩበት። ሞተሮቹንና ሞተሮቹን የሚነዱትን ክፍሎች ስፈትሽ ጤነኞች ናቸው። የሚጠብቁትም ያንኑ የድሮውን ነገር ነው፤ አንድ ሽቦ ለምት፣ አንድ ሽቦ ለአቅጣጫ። ቤት ሄጄ የፕሪንተር ቀዳዳ ያለው አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ይዤ መጣሁ፣ ሃርድ ዲስኬንም።

ያኔ ሦስት ሳምንት የፈጀው በአንድ ከሰዓት አለቀ። ዴቢያን የሚባለው የሊነክስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው 12ኛ እትም ጀምሮ ሊነክስ ሲኤንሲ ከጥቅሎቹ አንዱ ሆኗል፤ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ነው የሚጫነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ቅድሚያ የሚሰጥ ሌላ ጥገናም ሃያ ዓመት ገደማ ከዋናው ሊነክስ ውጭ ሲሠራበት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 6.12 እትም ውስጥ የሊነክስ አካል ሆኗል። እኔ በውሻ ፊት የተደሰትኩበትን ዓይነት ነገር ማንም ዛሬ ሳያውቀው ኮምፒውተሩ ውስጥ ይዞት ሊዞር ይችላል። መሞከሪያውን አስነሳሁት፤ 12 ሺህ። ስፒንድሉን በእጃችን ከሚነዳው ኢንቨርተር ላይ እያስነሳን በማግስቱ ሥራ ጀመርን።

ልጁ ስክሪኑ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የፑንታዋ መንገድ በመስመር ተሥሎ፣ ከጎኑ ትእዛዙ በተራ ሲወርድ፣ ጂ 1 ሲል ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ ጂ 2 ሲል በሰዓት አቅጣጫ ስትዞር፣ ቁጥሩ ሲቀያየር ያያል። “ይሄ ሁሉ ውስጡ ነበር?” አለኝ። አምስት ዓመት በሳጥኑ ሲሠራ አንድም ቀን አላየውም ነበር። ማታ ማታ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ እየቆየ ፍጥነቱን ይቀይራል፣ አጀማመሩን ያለዝባል፣ ያኔ እኔ የጠየቅኩትን ጥያቄ ሁሉ ይጠይቀኛል። እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው ካገኘሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት አርዱይኖ በሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ግርብል የሚሉትን ነፃ ፕሮግራም ጭነው መዳፍ የምታክል መቅረጫ የሚሠሩ ልጆች እንዳሉ የነገረኝ እሱ ነው። ደስ አለኝ። ዕድሉ ከተሰጣቸው እነሱም ከፍተው የሚያዩ ናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ በር ልታዝ መጣች። ፍላሹን ሁሉ አሳያት፤ ጽጌረዳው፣ ወይኑ። አንዱንም አልወደደችም። “ጀሞ እህቴ ቤት ያለው፣ ያ ባለ አበባው” አለች። ልጁ ፊቱ በራ። ከግድግዳው አንድ አሮጌ ሰሌዳ አውርዶ አበባዋን በጣቱ እየነካ፣

“የአያቴ ሥራ ነው” አላት። “ይቺ አበባ የሳቸው ፊርማ ናት። ሐረጉ ሁሉ ወደሷ ነው የሚመጣው።”

እኔ ኮምፒውተሩ ጋ ነበርኩ። አንገቴን አላቀናሁም።

ማታ ሠራተኞቹ ሲሄዱ ነገርኩት። ስለ ሠርጉ፣ ስለ መስታወቱ፣ “ቀኙን ማን ሠራው?” ስላሉት፣ ስለ 500 ብሩ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ተነስቶ በሩን ዘጋ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ “እስኪ ያውጧት” አለኝ።

ከአሮጌው ዲስክ ሥዕሉን በኢንክስኬፕ ከፈትኩት። አበባዋን ነክቼ አጠፋኋት። በእሷ ቦታ እንደተቆረጠ ክር ጫፍ ለጫፍ የተፋጠጡት መስመሮች ቀሩ። የቀኙንም ግልባጭ አጠፋሁት። ስክሪኑ ላይ የአባባ ግራ ብቻውን ቆመ፤ ያኔ በማውስ የተከተልኩት እያንዳንዱ ነጥብ፣ የእጃቸው ትንንሽ መንቀጥቀጥ ሁሉ እንዳለ።

“በላይ፣ በታች እያሉ ይቆጥሩ ነበር” አልኩት።

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ከግራ ጥግ ጀመረ። በላይ። በታች። በላይ። አንዴ ተሳሳተና ወደ ኋላ ተመለሰ። ክሩ ሲታጠፍ ጣቱም ይታጠፋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መሃል ሲደርስ ቆመና “በታች” አለ። “እዚህ በታች ነው የሚያልፈው፤ ሌላው በላይ ይመጣል።” እርሳስ አንስቶ በኤምዲኤፍ ቁራጭ ላይ መገናኛውን ሣለ። ትክክል ነበር። ሐረጉ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መሃሉን አለፈ።

እርሳሱ ከመሃሉ ጥቂት ወደ ቀኝ ሄዶ ቆመ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

“ከዚህ ወዲያስ ጋሼ? ቀኙ እንዴት ነበር?”